ነጠላ የተዘቀዘቀበት ሠርግ

ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ደ/ታቦር

የክርስትናውን ፎቶ አጠብሁ። ሕፃኑ ተንቀሳቅሷል፤ ፊቱ ጭስ መስሎ ወጥቷል። ቄሱ ግን ከነመስቀላቸው ጥርት ብለዋል። አባትዬው ሲያይ ይከፋዋል። ምን ላድርገው፤ የአርባ ቀን ልጅ ቀጥ በል አይባል።

ውሃው አጥንት ይሰብራል። ጣቶቼ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ጠቁረዋል፣ ሳሙናም አያስለቅቀው።

ከሰዓት በኋላ የባላምባራስ ዘገዬ አሽከር መጣ። ልጃቸው ብርቄ ጥር ፳፪ ትዳራለች፤ ፎቶ የምታነሣው አንተ ነህ አለኝ። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እሺ አልሁ። እሺ ያለው ምላሴ ብቻ ነው።

ስማኝ ደብተሬ። አንተ ከፎቶ ወረቀቱ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነህ። ሣጥኑ ብርሃን ካየ ያለው ሁሉ ይበላሻል ብዬ የጣሊያን ፈታሾቹን ስላስፈራራሁ ማንም አይከፍትህም። ስለዚህ ላንተ አልደብቅም። ባላምባራስን፣ ከእንግዲህ ባላ/ ብዬ ነው የምጽፈው፣ አፈር ሲበላው ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም።

ጥር ፱

ትናንት ጀምሬ ተውሁት። ዛሬ ልጨርሰው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ገሳይ ላይ አንድ ሠርግ አነሣሁ። ታናሽ ወንድሜ ይርዳው ሚዜ ነው። ከሙሽራው አጠገብ ቆሟል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። አትሳቅ ብለው ባሰበት። ፎቶው ሙሽራው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኋላ ጣሊያን ገባ፤ ይርዳው ዱር ቤቴ ብሎ ጉና ወጣ። ጣሊያኖቹ ስሙን ሰምተዋል፣ መልኩን አያውቁም። በመካከላቸው እያለፈ ገበያ ይወጣና ጨው ይዞ ይመለስ ነበር። ደፋር።

ባላ/ ያን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ለጣሊያኑ ካፒቴን ወሰደለት። ይርዳው ማለት ይኸ ነው ብሎ አሳየው። በሚቀጥለው ገበያ ያዙት። እዚያው ገበያው መሐል ሰቀሉት።

በዚህም አላበቃ። ባላ/ አዋጅ አስነገረ፦ ለሽፍታ አይለቀስም፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የተገኘች ሴት ትታሰራለች። አገር ሐዘንተኛን የሚለየው ነጠላው ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ አይደል? እናቴ ግን ልጇ በተሰቀለ ማግስት ጥለቷን ወደ ታች አድርጋ፣ እንደ ደህና ሰው ውሃ ወረደች። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት። ድንኳን የለ፣ ሙሾ የለ፣ አይዞሽ የሚላት የለ። ያን የተከለከለ ልቅሶ ባላ/ ቤት ሳላስገባው አልቀርም።

ጥር ፲፪

ታቦት ሸኝተን ገና መግባታችን፣ ባላ/ ራሱ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ እላለሁ፣ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ አደገድጋለሁ። እዚህ ግን አንተ ነህ፤ አንተ ውሻ።

እንዴት እንደማነሣው ያስረዳኛል። እሱ መሐል ይቀመጣል፣ ሙሽሮቹ ከጎኑ። ከኋላው አገሩ ሁሉ ይቆማል፤ ገበሬው፣ ቄሱ፣ ሴቱ። ፎቶውን ለካፒቴኑ ሊሰጠው ነው፤ አገሩን ፀጥ አድርጌ ይዤልሃለሁ፣ ሁሉም ከኋላዬ ነው ሊለው። በዚህም የወረዳ ሹም ሊያደርጉት ነው። ከሠርጌ የቀረ ሰው ቂም ይዞብኛል ማለት ነው፣ እናውቀዋለን አለ።

ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ያለፈውን እንርሳ፣ ያንድ አገር ልጆች አይደለን አለኝ። አዎን ጌታዬ አልሁ። እግሩ እንደወጣ እጁ የነካውን ጋቢ አውልቄ ውሃ ውስጥ ነከርሁት። ብርድ ልብስ ለብሼ ነው ይህን የምጽፈው።

ጥር ፲፬

አሳቤን ልንገርህ። ፎቶ ማንሣት ያስተማረኝ አርመን አደራህን አፍህ እንዳታደርሰው ያለኝ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አለ። ሠርግ ነው፣ ጠጅ ነው፣ ግርግር ነው። ማን ያየኛል?

ቀኑን ሙሉ ባላ/ ሲወድቅ በአሳቤ እያየሁት ዋልሁ። ብርሌው ሲንከባለል፣ ጢሙ በጠጅ ሲርስ። ደስ አለኝ። እግ/ር ይቅር ይበለኝ አልልም፤ እንዳይለኝም እፈራለሁ።

ጥር ፲፮

አልሆነም። እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። አሳላፊው በመዳፉ አፍስሶ ቀድሞ ሳይቀምስ ባላ/ አንዲት ጉንጭ አይጠጣም። የሠርጉ አሳላፊ ደግሞ አያ ካሤ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ ይርዳውን ከገመዱ ያወረዱልን ሽማግሌ። እሳቸው ሞተው ያ ሊተርፍ?

ጠርሙሱን ከነበረበት መልሼ ቆለፍሁበት። ታዲያ ምን ቀረኝ? ዓይኑን እንደጨፈነ ላነሣው ነው? ራሱን ልቆርጠው ነው፣ ከፎቶው? ይኸ የልጅ ቂም ነው። 

ጥር ፲፱

እናቴ ሠርጉ ላይ እሄዳለሁ አለች።

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ነጠላዋን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ሰውዬው ልጅሽን የበላ ነው እኮ አልኋት። አውቃለሁ አለች። እና ድግሱን ልትበዪለት ነው? ፈርተሽ ነው? ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋግረዋል፣ ሁሉም ይሄዳሉ፤ ባሏን የገደሉባትም፣ ልጇ ታስሮ የጠፋባትም። ክፉ ቃል ተናገርኋት። እዚህ አልጽፈውም። እሷ ነጠላውን እያገላበጠች ደርቆ እንደሆን ትነካካዋለች።

በዕድሜዋ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ያ የፎቶ መኪናህ ሰው ዘቅዝቆ ያያል ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ከኋላ ባለው መስታወት ሲታይ ሰው ሁሉ እግሩ ወደ ላይ ነው። ስለምናት ኖሬ እምቢ ያለችኝ ሴት ለባላ/ ሠርግ ልትቆም። 

ጥር ፳

ሥራ የለም። መስታወት ጠረግሁ። ከእናቴ ጋር አልተነጋገርንም።

ጥር ፳፪፣ ወደ ማታ

ዛሬስ ደስ ብሎኛል። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ዳሱ ሞልቷል። ባላ/ ካባ ደርቧል፣ ጣሊያን የሰጠውን ኒሻን ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። ብርቄ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም፤ ልጅ ናት። ካፒቴኑ አልመጣም። የባላ/ አጃቢዎች ጠመንጃቸውን አጋድመው ሥጋው ላይ ናቸው።

ከምሳ በኋላ የፎቶ መኪናውን ግቢው ውስጥ ተከልሁ። ባላ/ ተቀመጠ፣ ሙሽሮቹ ከጎኑ። ከኋላዬ ቁሙ ሲል ሴቶቹ ማንንም ሳያስቀድሙ መጥተው ተደረደሩ። እናቴ መካከላቸው ናት። ወንዶቹ ከነሱ ኋላ። ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባሁ። ባላ/ በአናቱ ተተክሏል። ከዚያ ሰው የማገኛት ደስታ ይህችው ናት ብዬ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ የሚነሣበትን መስታወት ከተትሁ። ዓይንዎን ከዚህ እንዳይነቅሉ፣ አንገትዎ ከዞረ ይበላሻል አልሁት። ድንጋይ ሆነልኝ።

ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አወጣችው። አልቸኮለችም። ቀጥላ ጎረቤቷ። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ። ለካ የተነጋገሩት ይህን ኖሯል። ወንዶቹ አይተው ጋቢያቸውን ገለበጡ። አያ ካሤ ብርሌውን መሬት አስቀምጠው ገለበጡ። ድምፅ የለም። ባላ/ ከፊት ደረቱን ነፍቶ ፎቶውን ለሚያየው ካፒቴን ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው አገር ቆሞ ልቅሶ ተቀምጧል።

የመኪናውን ዓይን ክዳን አነሣሁ። ትንፋሼን ይዤ መለስሁት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ በእልልታው መሐል ነጠላው ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባላ/ ከወንበሩ ሲነሣ ጥለቱ በሙሉ ከታች ነው። አማረ ወይ አለኝ። እንደርስዎ ያማረበት ሰው አንሥቼ አላውቅም አልሁት።

እናቴን መንገድ ላይ ደረስሁባት። ለዚያ ክፉ ቃል ይቅር በዪኝ አልኋት። ለይርዳው አለቀስሁለት አለች። 

ጥር ፳፫

አጠብሁት። የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እንደ እብድ።

አሳቤ ይኸ ነው። ባላ/ ፎቶውን ጥር ፳፭ አምጣ ብሎኛል። ለሱ አልሰጠውም፤ በቀጥታ ለካፒቴኑ ነው። የካፒቴኑ አስተርጓሚ የኛው አገር ሰው ነው፣ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ባላ/ንም ዓይኑን ማየት አይወድም። ፀጥ አድርጌ ይዤልሃለሁ ያለህ አገር ሠርጉን ልቅሶ አደረገበት፣ እሱ ከፊት ተቀምጦ አላወቀም ብሎ ይተረጉምለታል። ሹመቱም ቀረ፣ ስሙም ቀረ። በየገበያው ይሳቅበት።

ከዚያ ፊቶቹን አየሁ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ሁሉም ይታወቃሉ። አያ ካሤ ከነጠባሳቸው። ጎረቤቶቿ። እናቴ። ይርዳውን ያሰቀለው አንድ ፊት ነው፤ እኔ ያገር ፊት ሰብስቤ ላስረክብ ነው? ይህን ከላክሁ ካፒቴኑ እያስለቀመ ይሰቅላቸዋል። ካልላክሁ ሴቶቹ ያን ሁሉ የደፈሩት በከንቱ ነው፣ ባላ/ም በሰላም ይሾማል።

መላ ያለው መፋቅ ነው። መስታወቱ ላይ ፊቱን በስለት ብፍቀው ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሰው ቆሟል፣ ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ፊት የለም። ከኋላው ማን ማን እንደቆመ ባላ/ ዞሮ አላየ። ግማሹ ደግሞ የገዛ ዘመዱ ነው፣ ሁሉን አያሰቅል። የሱን ፊት ከነፈገግታው እተዋለሁ። ሙሽሮቹንም አልነካ። ብርቄን ሳያት ሆዴ ይባባል፤ አባቷን ግን አልምረውም።

ሳይፋቅ አንድ ወረቀት አትሜ ለራሴ ላስቀር ብዬም አሰብሁ። እናቴ አለችበታ፣ ሌላ ፎቶ የላትም። አይሆንም። ፊት ያለበት ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የገሳዩም ግድግዳ ላይ በክብር የተሰቀለ ነበር።

ጥር ፳፬፣ ጠዋት

ለእናቴ ነገርኋት። የሰዎቹን ፋቅ አለች፤ የኔን ግን እንዳትነካ። ያለቀሰችው ማን እንደሆነች ባላምባራስ ይወቅ። ተደብቄማ እቤቴም ሳለቅስ ኖሬያለሁ፣ በአደባባይ ላለቅስ ብዬ አይደለም ወይ የቆምሁት አለች።

ዛሬውኑ ጉና እንውጣ አልኋት፣ የይርዳው ጓደኞች ይቀበሉናል። ፊቴ ካለበት እሄዳለሁ፤ ከፋቅኸው እዚሁ ደጄ ላይ ተቀምጬ ሲመጣ በአፌ እነግረዋለሁ አለች። ታደርገዋለች። አውቃታለሁ።

ፊቷን ብተወውስ? ጉና ብትገባም አንድ ቀን ለገበያ ትወርዳለች፣ ለታቦት ትወርዳለች። ይርዳውም ጉና ነበር።

ከሰዓት በኋላ

አያ ካሤን ፋቅኋቸው። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ። ይቅርታ እያልሁ ነው የምፍቀው። ወንዶቹንም ጨረስሁ። እናቴን ወደ መጨረሻ አቆየኋት።

መስታወቱ ላይ ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቶ ነው የሚታየው፤ ቢሆንም እሷን መለየት አያስቸግረኝም። ከንፈሯ ከፈት ብሏል። አንድ ነገር ስትል ነው ያነሣኋት። የይርዳውን ስም ይመስለኛል። ስለቱን አስቀመጥሁ። ወጣሁ፣ ግቢውን ዞርሁ፣ ተመለስሁ። ባላ/ን እዚያው መስታወቱ ላይ ሲስቅ አየሁት። አሁንማ ከበፊቱ ይበልጥ ጠላሁት፤ ወንድሜን ወሰደ፣ ይኸው የእናቴንም ፊት በገዛ እጄ ያስፍቀኛል።

ፋቅኋት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ አተምሁ። ጥሩ ወጥቷል፤ ያስፈራል። ጠቅልዬ በሰም አሸግሁት። በመንገዳችን ለአስተርጓሚው በእጁ እሰጠዋለሁ። ቆርጫለሁ።

እናቴ ስንቋን ቋጥራ ገባች። ፊቴ አለ ወይ አለችኝ።

አለ እማዬ አልኋት።

ጥሩ ወጥቻለሁ?

ጥሩ ወጥተሻል አልኋት። ደስ አላት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እንደ ልጃገረድ አፈረች። አሁን ያንኑ ነጠላ በቀን ብርሃን ዘቅዝቃ ደጅ ቆማለች፣ መንገደኛው ሁሉ ያያታል። እየጠራችኝ ነው። መጣሁ እማዬ። መስታወቱን ሰባብሬ እከተላታለሁ።