ኮሰረት የገባበት ምስር

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለአሰፋሽ ሙላቴ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሻርጃ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? የማዳም ልጆች አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብታ ከተመለሰች ወዲህ ጉልበቷ ቀለል ብሎላት ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። አባባ ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ ስላልነካው ፊቱ ፈክቷል። ወንድማችን ይሻውም ወንድ ልጅ ወልዶ ክርስትና አስነስቷል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ደውዬም ሳታነሺው ዘጋሁት። ድምፅሽን ከሰማሁ ልቤ ይራራል፤ አንቺም ታባብይኛለሽ። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለስ ልጅ ደብዳቤ ሰጥቼ መላኩን መረጥኩ።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የህንድ ምግብ ቤት ተከፈተ ሲባል ሰማሁ። በመጀመሪያ ሰው ቀደመን ብዬ ከፋኝ። እኔና አንቺ በህንዳዊቷ ማዳም ጓዳ ቆመን ሽንኩርት ስንልጥ ያወራነው ይኸንኑ ነበር፤ አገራችን ገብተን የህንድ ምግብ እንሠራለን፣ ደብረ ታቦርን ጉድ እናሰኛለን እያልን። እማዬ ታማ እኔ ቀድሜ ስመለስ፣ ኤርፖርት ድረስ ሸኝተሽ አንገቴን አቅፈሽ ያለእኔ እንዳትጀምሪ አልሽኝ። አልጀመርኩም። ጓደኛዬ ፈንታነሽ አብረን እንሥራ ብላ ስትለምነኝ ከእህቴ ጋር ቃል አለኝ ብዬ እምቢ አልኳት፤ ሆቴል ጓዳ ሳህን ሳጥብ ከረምኩ።

ቅዳሜ ዕለት ይህችው ፈንታነሽ፣ የቀደሙሽን ሰዎች እጅ ቅመሺና ቁርጥሽን እወቂ ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ዝሆን የተሳለበት ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ቴሌቪዥኑ የህንድ ዘፈን ያሰማል። ከጎናችን የተቀመጡት የህንድ መምህራን እንደ እኛው በእጃቸው ሲበሉ አይታ ፈንታነሽ እነዚህስ ወግ ያውቃሉ አለች። ምስርና ቻፓቲ አዘዝን።

ገና አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ እጄ ቆመ። ምስሩ ኮሰረት አለበት። ማዳም ስታስተምረን ኮሰረት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ ያመጣነው እኛ ነን። እማዬ የላከችልንን ቅቤው ላይ በትነን ማዳም ጣቷን የላሰችበትን ቀን መቼም አትረሺውም። እታለም፣ እመኚኝ፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። መጣች አልኩ። ሳትነግረኝ መጥታ፣ ቤቱን ከፍታ፣ ልታስደንቀኝ ነው አልኩ። አስተናጋጇ እዚያ አይገባም እያለች ስትከተለኝ፣ እኔ እታለም እታለም እያልኩ ጓዳ ዘልቄ ገባሁ።

ምድጃው ላይ የቆመችው አንቺ አልነበርሽም። አንዲት የማላውቃት ሴት ጭልፋ እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ሠናይት ትባላለች። እሷ ግን በፎቶ ታውቀኝ ኖሮ፣ መክሊት ነሽ አይደል ብላ ፊቷ ልውጥ አለ። ይህን ምስር ማን አስተማረሽ አልኳት። ለሐቁ አልዋሸችኝም።

«አሰፋሽ ናት፣ በስልክ» አለችኝ። «እዚያው ሻርጃ ያለውን ወንድሜን እሸቴን አገባች እኮ። ቤቱም የሦስታችን ነው። እስክንደላደል መክሊት አትስማ ብላን ነው እንጂ፣ እኔስ ይነገራት ብዬ ነበር።»

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ምስሩን እስከ መጨረሻው በላሁት። ለምን እንደበላሁት አላውቅም። ፈንታነሽ ዓይንሽን ምን ነካው ብትለኝ ቃሪያው ነው አልኳት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። ባል በማግባትሽ አልከፋኝም፤ እሰይ፣ ደስ ይበልሽ። ቤቱን መክፈትሽንም ቢሆን ብትነግሪኝ አኩርፌ አኩርፌ ይወጣልኝ ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው እሁድ ደውለሽ፣ የሚከራይ ቤት አየሽ ወይ፣ ትንሽ ታገሺ እንጂ አልሽኝ። ያን ጊዜ ቤቱ ከተከፈተ ወር አልፎታል። እኔ ሞኟ በየሰፈሩ ያየሁትን ቤት፣ የትኛው ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ጓዳው እንደሚጠብ ስዘረዝርልሽ፣ አንቺ እየሳቅሽ ሰማሽኝ። ምን ብሎሽ ነበር ልብሽ ያን ጊዜ?

ሠናይት በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጥታ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ በእሷ ቂም የለኝም። ሆቴሉን ለቅቄ ገሳይ እናትና አባታችን ዘንድ ገብቻለሁ። ከፈንታነሽ ጋር መንገድ ዳር ቤት ይዘን ለሾፌሮች ሽሮና ጥብስ ልንሠራ ነው። አንቺም ስትመጪ እህቴ ነሽና ወጥቼ እቀበልሻለሁ፤ አልጋዬንም እለቅልሻለሁ። ቃል ግን ከእንግዲህ አንሰጣጥም።

አባባ፣ ይሻው ከነሚስቱ፣ ሰላም ብለውሻል። ለማዳም እጅ ንሺልኝ። ፊቱን ለማላውቀው ለአማቻችን ለእሸቴም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እማዬ እስካሁን ምንም አልሰማችም፤ ከእኔ አፍም አትሰማም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ባል እንዲሰጣት ለጣራ ገዳም ጃንጥላ ተስያለሁ፣ አይዞሽ በያት» አለችኝ። ስእለትሽ ደርሷል ብለሽ አንቺው ንገሪያት።

እህትሽ መክሊት ሙላቴ
ገሳይ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.