የዳር ከዋክብት ለምን አይበተኑም

ጅማ፣ አርብ ወደ ማታ

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ትንፋሽሽ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠትስ ቀነሰልሽ? የአዲስ አበባ ብርድ እንደማይስማማሽ ስለማውቅ ጋቢሽን ሻንጣው ውስጥ ከላይ ነበር ያደረግሁት። እኔን ካልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት አቅርቤ አልፌያለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ። «ከዋክብት ቆጥረሽ ባል ታገኚ እንደሆነ እናያለን» ትይ ነበር፤ ባሉን ባላውቅም ማስተርሱ ተገኝቷል።

የምጽፍልሽ ከአንቺ ክፍል ነው፣ አልጋሽ ላይ ተቀምጬ። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ደክሞሻል፣ ተኚ ብለው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አስገቡኝ። በዚህ ሰዓት ተኝቼ እንደማላውቅ ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔም እሺ ብዬ ገባሁ።

ድምፅሽን ከሰማሁ ሰነበትኩ። ለልዑል በደወልኩለት ቁጥር አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ምርመራ ገብታለች፣ አንዴ ደግሞ ሐኪሙ ስልክ ከልክሏታል ይለኛል። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ ስኳር ሰርቆ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አይደለሁም» እያለ የሚመጣ ልጅ ነበር። ዛሬም አልተሻለውም። ሊዋሽ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚህ ሳምንት ጉንፋን የያዘው እስኪመስል ሲጠርግ ነው የከረመው።

የሠራሁትን ልንገርሽ። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?» ስትይኝ ኋላ እነግርሻለሁ እያልኩ ጊዜው ሄደ።

ከዋክብት ተበታትነው አይኖሩም። እጅግ ብዙ ሆነው በአንድ ይሰባሰባሉ፤ ጋላክሲ የምንለው ይሄን ነው። ስብስቡ ሁሉ በመሃሉ ዙሪያ ይሽከረከራል። የቡ ገጠር ጤና ጣቢያ ስትሠሪ የዋቅጋሪ ልጆች ጦጣ ለማባረር ወንጭፍ ሲያዞሩ አይተሻል። ድንጋዩን የሚይዘው ገመዱ ነው፤ ገመዱ ሳስቶ ድንጋዩ ከፈጠነ ይበጥሰውና ይሄዳል። የከዋክብት ገመድ ስበት ነው፣ ስበት ደግሞ የሚመጣው ከቁስ ነው። በዓይን የምናየው ኮከብ አብዛኛው ወደ መሃል የተከማቸ ስለሆነ፣ ከመሃል የራቀው ቀስ ብሎ መዞር ነበረበት። አይዘገይም። የዳሩ ኮከብ ወደ ውስጥ ካለው እኩል ይሮጣል። የሚይዘው የምናየው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ተበታትነው ባለቁ ነበር። ግን አልተበተኑም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሌላ የማይታይ ነገር አለ ይላሉ፤ ብርሃን የማይሰጥ፣ ማንም በእጁ ያልያዘው፣ ከሚታየው ሁሉ የሚከብድ።

የለም፣ የማይታይ ነገር አንፈልግም፣ የተሳሳተው የስበት ሕጋችን ነው የሚሉም አሉ። አንቺ ብትሰሚያቸው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ትያቸው ነበር። እኔ ግን አልስቅባቸውም፤ ጥያቄው ገና አልተዘጋም። የኔ ሥራ የአንድ ጋላክሲን ከዋክብት ፍጥነት ከመሃል እስከ ዳር ወስጄ ከሚታየው ክብደት ጋር ማመሳከር ነበር። ሠራሁት፣ ክብደቱ ጎደለ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ አሁንም ጎደለ።

እንግዲህ ዓይኔ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ከለመደ በኋላ ነው ሰፈራችን የተለወጠብኝ።

ጎረቤታችን ሐጂራ በር ላይ ስታገኘኝ «እናትሽን አላህ ያሽርልሽ» ሳትለኝ አታልፍም ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ስላንቺ አትጠይቀኝም። ምሳ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ብይ፣ ጀባዱ፣ በርቺ ትለኛለች፣ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ባለ ባጃጁ ሳዲቅ ሙዚቃውን አስጩኾ ሰፈር የሚረብሸው፣ እኔ ስሳፈር ያጠፋዋል። ምነው ስለው ተበላሽቶ ነው አቦ አለኝ፤ አውርዶኝ ጥግ ሳይዞር ከፈተው። ዋቅጋሪ ደግሞ ገበያ ባልሆነ ቀን ኮቱን ለብሶ ሐጂራ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። የመጥረቢያ እጀታ ልገዛ መጥቼ ነው አለኝ። እማዬ፣ ጫካ መሃል የሚኖር ሰው ከየቡ ጅማ ድረስ ለመጥረቢያ እጀታ! ልጆቹን ሁሉ ያዋለድሽለት ሰው መዋሸት እንኳ አላስተማርሽውም።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ የእድርሽ ጓደኛ ቆንጂት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሩቅ አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነበር። እኔን ስታይ እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ገለበጠችው። ከዚያም ነፋሱ አስቸገረኝ አለችኝ። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

እያንዳንዳቸውን ለብቻ ብወስዳቸው ምክንያት አላቸው። አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን ሁሉም የሚዞሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ ከኔ በቀር ሁሉም አይቶታል።

ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። አንቺ የነርስ ትምህርትሽን ልትጨርሺ ስትይ አባትሽን እንዴት እንደደበቁሽ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራት ብለው ዘመድ አዝማድ ተማክሮ፣ ዲፕሎማሽንና መርዶሽን ባንድ ሳምንት አስታቀፉሽ። በሕይወቴ ይቅር ያላልኳቸው ለዚያ ብቻ ነው፣ እኔ በልጄ ላይ አላደርገውም ትይ ነበር። ታዲያ ለልዑል ምን ብለሽ ነው የነገርሽው? እሱ እንደሆነ ካንቺ ትእዛዝ ውጪ ውኃ አይጠጣም፤ ከራሱ አውጥቶ ይህን አያደርግም። ተቀይሜሻለሁ እማዬ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነገር እኔ በሌለሁበት ተደርጓል። የአባቶችሽ መቃብር ቡልጋ ድረስ ማን ማን እንደተጓዘ፣ ማን ከፊት እንደሄደ፣ ዝናብ ይኑር አይኑር ሰው ይነግረኛል እንጂ እኔ አላየሁትም። ያን ማንም መልሶ አያደርግልኝም።

ሐሙስ ልዑልን በግልጽ ልጠይቀው ስልኩን አነሳሁ። ከጠየቅኩት ይነግረኛል፤ ቀጥተኛ ጥያቄ አይችልም። ከነገረኝ ደግሞ ዛሬ ሰሌዳ ፊት አልቆምም። የሐጂራ ምሳ፣ የዋቅጋሪ ኮት፣ ያንቺም ትእዛዝ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እሱ ሄሎ፣ ሄሎ ሲል ዘጋሁበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትይኝ የለ? እኔም ያዝኩት።

ዛሬ ጠዋት ልዑል ከአዲስ አበባ መጥቶ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀኝ። ጢሙን አልተላጨም። መላጫ ረስቼ ነው አለኝ። ሐጂራ፣ ቆንጂትና ዋቅጋሪ መጨረሻው መደዳ ላይ ከጎኑ ተደርድረው ተቀመጡ። የተናገርኩት አንድም ነገር ሳይገባቸው በየመሃሉ አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት እንግዳ ፈታኝ ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህን የማይታይ ነገር አንቺም አላየሽው፣ እኔም አላየሁት፣ አለ ለማለት ምን ያስደፍርሻል አሉኝ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚንቀሳቀሱት እሱ እንዳለ ሆነው ነው፣ እነሱን ሳይ ከረምኩ አልኳቸው። ይህን ስል ፈታኙን አልነበረም የማየው። ልዑል አጎንብሶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዋቅጋሪ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ጨበጠው።

ማለፌ ሲነገር አዳራሹ አጨበጨበ። ዓይኔ ቆንጂት ላይ ነበር። የሷ እልልታ እኮ ሰቃ ድረስ ይሰማል እያልሽ ትስቂባት ነበር፤ የሰው ልጅ አራተኛ ክፍል ሲያልፍ እንኳ አታስቀርም። ቆንጂት አጨበጨበች። እጇን ብቻ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ከነጠላዋ ይልቅ ይሄ ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው።

ልዑል አቀፈኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ሲለቀኝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እማዬ ስትሰማ በጣም ነው ደስ የሚላት አለኝ። ንገርልኝ አልኩት። ምን ልበለው?

አሁን ከመስኮቱ ውጪ የእድሩን ድንኳን ከሐጂራ ግቢ በአጥሩ በኩል እያሻገሩ ነው። ብረቱ ሲጋጭ ቀስ በሉ፣ ትሰማለች ይባባላሉ። ሳዲቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ ያስተባብራል። አግዳሚ ወንበር ሲገባ እሰማለሁ። ሐጂራ በኔ በር በኩል ስታልፍ ትንሽ ቆም ብላ አዳምጣ ሄደች፤ እኔም የተኛሁ እንዲመስላት እስክሪብቶውን አቆምኩ።

ቂሜ አልወጣልኝም፣ አልዋሽሽም። ግን አራት ቀን ሙሉ እኔ እንዳልወድቅ ብለው ሰፈሩ ሁሉ ሐዘኑን በጉያው ይዞ ሲስቅልኝ ከረመ፤ ያን ያየ ሰው ቂሙን ብቻ ይዞ መቀመጥ አይችልም። አንቺም ብትሆኚ አባትሽን የደበቁብሽን ሰዎች ይቅር አላልኩም እያልሽ፣ ዲፕሎማሽን ግን ከነዚያው ሰዎች ፎቶ አጠገብ ነው የሰቀልሽው።

እንግዲህ ልሰናበትሽ። ለደከምሽበት ሁሉ አምላክ ያሳርፍሽ። ካለሽበት ብርሃን አይለይሽ፤ አባቴን ካገኘሽው ሳሚልኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሩን ያንኳኳሉ። ልዑል ከፊት ይቆማል፣ ቆንጂትና ሐጂራ በግራና በቀኝ ሊይዙኝ ይጠጋሉ። እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው ምነው በደህና ነው ብዬ እከፍትላቸዋለሁ፤ ይህን ያህል ከደከሙልኝ ይህችን ላድርግላቸው። ጩኸቱ ግን የማስመሰል አይሆንም፤ ከረቡዕ ጀምሮ እንደያዝኩት ነው።

ልጅሽ