ቀይ ክር ያለው ካልሲ

ማክሰኞ፣ ማርች 6፣ 1917
የጎረቤቴ የድሩሲላ ሳል ዛሬም አልለቀቃትም። ደረቷን በሰናፍጭ አሽቼላት መጣሁ። ልጇ ደግሞ ሁለተኛዋን ሴት ተገላግላለች፤ ባልየው "አሁንም ሴት?" ብሎ አኮረፈ አሉ። አይ ወንዶች! ወንዶቹን ወደ ጦርነት እየወሰዷቸው እንደሆነ አያይም?

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለዘማች ልጆቻችን የምንሠራው የሱፍ ካልሲ ተሠርቶ አለቀ። እንደ ልማዳችን የእያንዳንዱን ልጅ እግር ወረቀት ላይ አስረግጠን፣ ዙሪያውን በእርሳስ ስለን፣ በልኩ ነው የሠራነው። አፉ ላይ አንድ ዙር ቀይ ክር... የእኛ መሆኑ እንዲታወቅ። የኔ ልጅ ኦስቦርን ግራ እግሩ ከቀኙ ይበልጣል። ለሌላ ሰው አይሆንም።

ዓርብ፣ ማርች 9
ካልሲውን ለከተማው ነጭ ሴቶች ማኅበር አስረከብኩ። ለወታደር የሚሰጥ ነገር በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ ክሮዊ አመሰገኑኝ። ወንበር ግን አልሰጡኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 14
ኦስቦርን ከጦር ሰፈሩ ለአንድ ሰዓት ተፈቅዶለት መጣ። ዳቦውን በሞላሰስ፣ በሸንኮራው ጥቁር ማር፣ እያጠቀሰ ጠራረገው።
"ካልሲው ደረሰህ?"
"የቱ ካልሲ፣ እማዬ?"
ጫማውን አስወለቅኩት። እግሩን በጋዜጣ ጠቅልሎታል!
አምና መልማዮቹን ልዝመት ሲላቸው "ይሄ የነጮች ጦርነት ነው" ብለው መለሱት። አሁን የጥቁሮች ሻለቃ አቋቁመው ወሰዱት... በጠብመንጃ ፈንታ መጥረቢያና አካፋ ሰጥተው። እሱ ይስቃል። "እኔ እንጨት ካልቆረጥኩለት ባለጠብመንጃው ምን ላይ ሊተኛ ነው?" ይላል።
ካልሲያችንስ? የት ገባ?

ሐሙስ፣ ማርች 15
ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። የእኛው ካልሲ ከሌላው ጋር ተደባልቆ፣ ለሌላ ጦር ሊታሸግ ጠረጴዛ ላይ!
"ቅድሚያ ለሚዋጉት ነው" አሉ ወይዘሮ ክሮዊ። "አካፋ ለያዘ የተረፈው ይበቃዋል። ደግሞ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው።"
"ለእናንተ አልሰጠሁም፣ እመቤቴ። በእናንተ በኩል ላክሁ እንጂ።"
ቅርጫቴን ዘረጋሁና ቀይ ክር ያለውን መልቀም ጀመርኩ። አንዷ ሴትዮ አንዱን ጥንድ በእጇ ከደነችው።
"እሱ የልጄ ነው። ግራው ትልቅ ነው፣ ለኪው!"
ለካችው። እጇን አነሳች።
የቀረውንም ለቅሜ ጨረስኩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጦር ሰፈሩ። በአጥሩ ላይ፣ ስም እየጠራሁ፣ ለየባለቤቱ!

እሑድ፣ ማርች 25
ልጆቻችን ባቡር ተሳፈሩ። ወደ ሃሊፋክስ ወደብ፣ ከዚያ ወደ መርከቡ። አላለቀስኩም። ባቡሩ እስኪታጠፍ አላለቀስኩም።

ሐሙስ፣ ማርች 29
ድሩሲላ ሻል ብሏት መጣች። "የሚቀጥለውን ካልሲ ለማን እናስረክብ?" ትለኛለች። "ለማንም። እዚሁ ወጥ ቤቴ እንሰበስባለን፣ ራሳችን ፖስታ ቤት እንወስዳለን" አልኳት። ሱፏን ከቦርሳዋ ስታወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ሌማን ገቡ።
"እህት ኬዚያ፣ ከተማውን አስቀየምሽብን። ወይዘሮ ክሮዊን ይቅርታ እንድትጠይቂ ተልኬ ነው።"
"የልጄን ካልሲ ለልጄ ስለሰጠሁ? አልጠይቅም፣ ፓስተር።"
ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ድሩሲላን አዩ፣ በሩን አዩ።
"ለመሆኑ..." አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔ ልጅ ኢዝራ ደርሶታል?"
"ሁለት ጥንድ። አንዱን አድርጎት ነው የሄደው።"
ባርኔጣቸውን ደፉ።
"እንግዲያው ቤቷ አላገኘኋትም እላቸዋለሁ" አሉና ወጡ።