አባቴ ያለቀሱለት ገዳይ

እሁድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ከሰዓት ከአባቴ ጋር የወንጀል ፊልም አየን። አክተሩ የወንድሙን ገዳይ አሳዶ አሳዶ ገደለው። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል አባቴ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«አባ፣ ምን ሆኑ? የወንድሙን ደም መለሰ እኮ!»

«የሟቹን እናት ግን አላሳዩንም» አሉኝ።

ገብቶኛል። የቡ ከተማ ላይ ወንድሜን ኑሬን የገደለውን ልጅ እናት አስበው ነው። ሽማግሌዎች በጉማ ደም አድርቀው ካስታረቁን ወዲህ ለዒድ ቤታችን ትመጣለች። አባቴ «እህቴ» ይሏታል፤ እኔ ሰላምታዋን እንኳ አልመልስላትም። ወላሂ፣ እርቁ የሳቸው እንጂ የኔ አይደለም።

አባቴ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲወጡ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ እዚያችው ቦታ ላይ ደጋግሜ አየሁት። ሰውየው ደጋግሞ ሞተልኝ። ኑሬ ግን አንዴም ተመልሶ አልመጣም።