የአባቴን ስኳር ላልጠየቁት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር እዝራ
የጥርስ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ሩዋንዳ ሰፈር፣ ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ይህ ደብዳቤ ድድዎ፣ መንጋጋዎና ጥርስዎ ሙሉ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዊንታ እባላለሁ፤ ዓምና በታኅሣሥ ወር ሁለት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች የተከሉላቸው የጡረተኛው መምህር የአቶ ገብረኣብ ልጅ ነኝ። ያን ዕለት «ዕድሜ ልክ ነው» ብለውን ነበር። ዕድሜ ልኩ በአሥራ አራት ወሩ በምሕረት መፈታቱን ሳበስርዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

አንደኛ፣ ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አባቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ «ዶክተር፣ ስኳር አለብኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ» ቢሉዎት፣ «አይዞዎት አባባ፣ ጣፋጭ ይቀንሱ» ብለው መሰርሰሪያዎን አነሱ። የደም ምርመራ በማዘዝ ጊዜያቸውን አላባከኑባቸውም።

ሁለተኛ፣ ስለ አመኔታዎ። የተተከለ ጥርስ ዙሪያው በደንብ ካልጸዳና በየጊዜው በሐኪም ካልታየ ድዱ እንደሚያመረቅዝ አልነገሩንም፤ ያውቃሉ ብለው ይሆናል። ድዳቸው አብጦ ሲደማ ለክሊኒክዎ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜም «እስኪላመድ ነው» ተባልኩ።

ሦስተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው አልቻልኩም። የካቲት ላይ በልጄ ክርስትና ዕለት አባቴ ሊመርቁ ተነሡ። ሁላችንም ቆመን «አሜን» እያልን ሳለ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቁጭ አሉ። ከተከሉላቸው ጥርሶች አንዱ ከነብሎኑ ወልቆ መዳፋቸው ላይ ነበር። ምርቃቱን የጨረሰው ሰው የለም።

በማግስቱ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ዶክተር ሱሀይላ የምትባል ወጣት ሐኪም ስኳር እንዳለባቸው ስነግራት፣ ገና አፋቸውን ሳታይ «አባባ፣ ስኳርዎ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ራጁን አሳየችኝ፤ የሁለተኛው ጥርስ አጥንትም ተበልቶ ነበርና እሱንም አወጣችው። «ስኳሩ ተስተካክሎ፣ ክትትል ቢደረግለት ኖሮ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችል ነበር» አለችኝ።

እርስዎን ብቻ መውቀስ ብችል ምንኛ በቀለለኝ! ቅጽዎ ላይ «የቆየ ሕመም» የሚለውን ባዶ ትቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ሥራ ቸኩዬ ነበር። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ነገር ግን ከሰው ጋር መብላት ትተዋል፤ አርባ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ያስተማሩ ሰው፣ ዛሬ ስልክ ሲጠራ «ዊንታ፣ አንሺው» ይላሉ።

ወንበርዎ ላይ የሚቀመጡትን አዛውንቶች አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ትዕግሥት ፈጣሪ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ለላቀው ሙያዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ዊንታ ገብረኣብ
ከኦሎምፒያ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የአባቴ ፎቶ «ዘላቂ ፈገግታ» ከሚል ጽሑፍ ጋር እስከ ዛሬ በክሊኒክዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ አለ። ትናንት አይተውት «እንዲህ እስቅ ነበር እንዴ?» አሉኝ። እባክዎ ያውርዱት፤ ጥርሱ ሲወጣ እንኳ ይህን ያህል አላመማቸውም።