ለአባባ ያልመታሁት ከበሮ

ለምወድሽና ለማፍርሽ ታላቅ እህቴ ለኦዲል፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የወንዙ እርጥበት አልባሰብሽም? ባለቤትሽ ሴፈሪንስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላው ግን ባይነሳ ይሻላል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እውነትሽን ነው፣ አንዱንም አልክድም። የአባባን ሞት የነገርሽኝ ቴሌግራም በጊዜው ደርሷል፤ ባቡርም ነበረ። ግን በማግስቱ የሙዚቃ ባንዳችን በሬዲዮ ሊሰማ ነበርና «መሪያቸው ጥሏቸው ሄደ እንዳይባል» አልኩ። ምክንያት መሆኑ ነው እንግዲህ! አገር ሁሉ ስሜን እንዲሰማ ጓጉቼ ነው የቀረሁት። ለሰርከስ መታሁ፣ ለጭፈራ ቤት መታሁ፣ ለመዘምራን መታሁ፣ የኩባ ሙዚቀኞች ሲመጡም በእነሱ ምት መታሁ። «አልሲድ የማይመታው የለም» ይሉኛል። ለወለደኝ አባት ብቻ አልመታሁም።

ከጻፍሽው ሁሉ ያቃጠለኝ ግን አንድ ነገር ነው። ከመቃብር ስትወጡ የእድሩ ሰዎች ማፈኛውን መሐረብ ከከበሮው ሥር አውጥተው ወደ ደስታው ዜማ ሊገቡ ሲሉ፣ «ልጁ ሳይመጣ ማንም አይከፍተውም!» ብለሽ ቆምሽባቸው። አባባ የሰፈራችንን የትሬሜን ሰው ሁሉ በታፈነ ከበሮ ሸኝቶ፣ በተከፈተ ከበሮ ሐዘንተኛውን እያስጨፈረ ቤቱ ሲመልስ ኖሮ፣ በራሱ ቀን ሰዉ ዝም ብሎ ተበተነ? ምን ነካሽ አንቺ ሴት ብዬ ተቆጣሁ። ወዲያው ግን አፈርኩ። ማን ሆኜ ነው የምቆጣሽ?

ቅዳሜ ጭፈራ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ አባቴ በወጉ ሳይሸኝ ክፍቱን ከበሮ ልመታ ብል እጄ እምቢ አለኝ። መሐረቤን አውጥቼ ከከበሮው ሽቦዎች ሥር ወተፍኩት። ጨፋሪው ግራ ገባው። የጭፈራ ቤቱ ባለቤት መጥቶ «ምን ሆነሃል ሰውዬ? ሰዉ ሊጨፍር ነው የመጣው፣ ቀባሪ መሰለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ፒያኖ መቺያችን ሩፈስ ግን የኛው የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነውና ገባው። «አለቃ፣ አንተ እኮ እስካሁን ቀብር ላይ ነህ። ሂድና ጨርስ፤ አለዚያ እኛንም ከነነፍሳችን ትቀብረናለህ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ስስቅ ቆይቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ባንዱን ለሩፈስ ለቅቄለታለሁ፣ ካሁን በኋላ በእሱ ስም ይጠራል። ለእድሩ ሰዎች ንገሪልኝ፤ ሰዉ መቃብር ሊለስን በሚወጣበት በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ከመቃብሩ በር እስከ አባባ ደጃፍ ክፍቱን እመታለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ኩርፊያሽን እንደያዝሽም ቢሆን፣ እባክሽ ከኋላዬ ተከተዪኝ።

ሴፈሪንን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን አዜሊን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። የክርስትና እናቴን እማማ ፊሎሜንን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። «ለአባባም» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ ለምዶ። የእሱን እኔው አደርሳለሁ።

ወንድምሽ አልሲድ
ካንሳስ ሲቲ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1937