የማንሻውን ቁልፍ አስጭነው የሚለኩት አቶ ጥሩነህ አባተ

«ፓምፑ ሞቷል አልኩህ! ስንቴ ልንገርህ?»

«ባትሪውን ለካኸው?»

«ለካሁት። ሃያ አምስት ቮልት፣ ሙሉ ነው!»

«የማንሻው ቁልፍ ተጭኖ ነው የለካኸው?»

እ.ኤ.አ. በ2018 በሳን ሆዜ፣ በግንባታ ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሠራተኛ ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ሲዘር ሊፍት አጠገብ ቆመው እንዲህ ይጨቃጨቁ ነበር። ጠያቂው ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ጥሩነህ አባተ፣ መላሹ ታናሽ ወንድማቸው በረከት ነበሩ። በረከት ፓምፑን ፈትቶት ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ሁለቱም በሚሠሩበት ድርጅት የጥገና ክፍሉ አለቃነት ከሁለቱ ለአንዱ ሊሰጥ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የዚያን ቀን በረከት «ጋሼ» ማለቱን ትቶ፣ «ሰርተፍኬቱ የኔ፣ እንግሊዝኛው የኔ፤ ሰው የሚጠራው ግን አንተን!» አላቸው። ጠቡ በጽሑፉ መጀመሪያ እንዲነበብ የጠየቀው ራሱ በረከት ነው።

አቶ ጥሩነህ ከአባታቸው ከአቶ አባተ ይመኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀረገወይን ገብሬ በየካቲት ወር 1954 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ መቅደስ ደምሴ ጋር ተጋብተው ያለምዘውድንና መንበረን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በዲቪ ኦክላንድ ገቡ። መጀመሪያ በወደቡ አካባቢ በጥበቃ፣ በኋላም ማሽን በሚያከራይ ድርጅት በአጣቢነት ሠሩ። የሚያጥቡትን ሁሉ እያዩ ተማሩት፤ በሦስተኛው ዓመት ጠጋኝ ሆኑ። በረከት እ.ኤ.አ. በ2008 ዲቪ ደርሶት ሲመጣ በቤታቸው ተቀብለው፣ ኮሌጅ እስኪጨርስ አኑረው፣ እዚያው ሥራ አስገቡት። ሆኖም አንድ ማሽን እምቢ ባለ ቁጥር ሰው የሚለው «ጥሩነህ የታለ?» ነበር። ይህ በረከትን ያንገበግበው ነበር።

በሳን ሆዜው ቀን በረከት እየተናደደ ቁልፉን ሲጫን አቶ ጥሩነህ ለኩ፤ ሃያ አምስቱ ወደ አሥራ ሰባት ወረደ። አንድ የባትሪ ገመድ ከማሰሪያው ሥር በዝገት ተበልቶ ኖሯል። ማሽኑ ሲቆም ሙሉ የሚመስለው ኃይል፣ መድረኩን አንሣ ሲባል የሚጠፋው ለዚህ ነበር። ገመዱን ቀየሩ፤ ፓምፑን አብረው መልሰው ገጠሙ። ከዚያም በሥራ ወረቀቱ ላይ «ብልሽቱን ያገኘው» በሚለው ቦታ «በረከት አባተ» ብለው ጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አለቃ ሆኖ የተሾመው በረከት ነው።

በረከት አላመሰገናቸውም። ሹመቱን አግኝቶም ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ስሙን በጻፈው እጅ ሳይቀር ቀና። አምስት ፋሲካ በወንድሙ ቤት ሳያፈስክ አሳለፈ። አቶ ጥሩነህ ግን ነገሩን ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም፤ ወይዘሮ መቅደስ የሰሙት ትናንት፣ ይህ ጽሑፍ ሲነበብላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የልብ ሕመም አደረባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የደከመውን የሚያሳርፍ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው የትም አልተመዘገበምና እዚህ ይጻፍ። በታመሙበት ዓመት አንድ ዓርብ ነበር። አልነሣ ያለ ሊፍት ከፕሌዘንተን ከተማ ተጭኖ መጣ። በረከት አንዱን ሠራተኛ ቁልፉን አስጭኖ ለካ፤ የላላውን ሽቦም ራሱ አገኘው። መድረኩ ሲነሣ ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት፤ እሱም አንጋጦ መድረኩን ያይ ነበር። አቶ ጥሩነህ የቮልት መለኪያቸውን በበረከት የዕቃ ሣጥን ላይ አስቀመጡ፤ ጓንታቸውን አወለቁ፤ በጓሮው በር ወጡ።